መዝገቡ ክፍት ነው፤ አንባቢው ግን የት አለ?

ስለ ፖለቲካ ስንነጋገር እንደ ልማድ ሆኖ ዓይናችን የሚያርፈው በቤተ መንግሥት፣ በምርጫ ሣጥንና በባለሥልጣናት ሹም ሽር ላይ ነው። መንግሥት ግን በእነዚህ ብቻ አይገለጥም። መንግሥት በመዝገብም ይገለጣል። ማንን እንደሚመዘግብ፣ ስለተመዘገበው ምን እንደሚጽፍ፣ የጻፈውን ለማን እንደሚያሳይና ከማን እንደሚሰውር ያስተዋለ ሰው የአንድን ሥርዓት ጠባይ ከብዙ ንግግር ይልቅ ከዚያ ይረዳል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይም ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ፣ ውስጡን ሲመረምሩት ግን የሰው ነፍስና እንጀራ የተንጠለጠለበት ነው፤ በአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያዎች የደኅንነትና የምዝገባ መዝገብ ማለቴ ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያስገደዱኝ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የቅርብ ነው። በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ቀድሞ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በነዳጅ ማደያ ሥራ እንደሚታወቅ ሁሉ ዛሬ ደግሞ በከባድ መኪና መሪ ላይ በብዛት ይገኛል። በሰው ኩባንያ ተቀጥሮ የሚነዳ አለ፤ የራሱን መኪና ገዝቶ በሌላ ኩባንያ ስም የሚሠራ አለ፤ ከዚያም አልፎ የራሱን ኩባንያ ያቋቋመ፣ ወይም ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ጭነት የሚያፈላልግ ዲስፓቸር የሆነ አለ። ሁለተኛው ምክንያት ሰፊ ነው። «ግልጽነት» የምንለው ነገር፣ በየመድረኩ እንደ ጸሎት የሚደጋገመው ቃል፣ በተግባር ሲተረጎም ምን ያህል እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚሰናከል ከዚህ መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የጽሑፌ ፍሬ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ መዝገብ ስለተከፈተ ብቻ ሰው አይድንም። ሰውን የሚያድነው የሚነበብ መዝገብ፣ ከተነበበም በኋላ የሚያስጠይቅ መዝገብ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት አንድ ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። በ2023 በአሜሪካ ከባድ የጭነት መኪናዎች በተሳተፉባቸው አደጋዎች ከ5,400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከአሥሩ ሰባቱ ያህል በጭነት መኪናው ውስጥ ያልነበሩ፣ በሌላ ተሽከርካሪ መንገዳቸውን የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በበሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ጭነት የሚያመላልስ ኩባንያ ከፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ቁጥርና ስሙን በእያንዳንዱ መኪናው ግራና ቀኝ መጻፍ አለበት። ሾፌሮች «የዶት ቁጥር» ይሉታል። ደንቡ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ጽሑፉ በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ ርቀት፣ ማለትም ከ15 ሜትር ግድም፣ እንዲነበብ ያዛል። ትንሽ የምትመስለው ይህች ትእዛዝ ትልቅ ሐሳብ አዝላለች። ቁጥሩ የተጻፈው ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም ነው። በመንገድ ላይ የሚያስፈራዎትን መኪና ያየ ሰው ቁጥሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ማኅተም ባለቤቱ ማን እንደሆነና ታሪኩ ምን እንደሚመስል በኮምፒዩተር ያያል።

ይህ ሥርዓት ከሰማይ አልወረደም። በ1935 የወጣው ሕግ የጭነት መኪናውን ሥራ የኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር አስገብቶት ነበር። ማን ወደ ሥራው እንደሚገባ፣ በየትኛው መስመር እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚቆጣጠረው ኮሚሽኑ ነበር። በ1980 በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ዘመን ይህ ቁጥጥር ላላ፤ ገበያው ተከፈተ። በ1995 በወጣ ሕግ ኮሚሽኑ ራሱ ፈረሰ። ከዚያም ምክር ቤቱ በ1999 ባወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራል የሞተር አጓጓዦች ደኅንነት አስተዳደር፣ ከዚህ በኋላ «አስተዳደሩ» የምለው፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ተቋቋመ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ቀድሞ መንግሥት በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ» ይል ነበር። በኋላ ግን «የምትፈልግ ሁሉ ግባ፤ እኔ የምትሠራውን እጽፋለሁ» ወደሚል ሥርዓት ተሻገረ። ዛሬ ለሰው ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የማመልከቻ ክፍያው 300 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅበት በዋናነት መድን ማቅረብ ነው። አዲስ ገቢው ለ18 ወራት በልዩ ክትትል ሥር ይቆያል፤ በመጀመሪያው ዓመትም የደኅንነት ምርመራ ይደረግበታል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ ዘበኛው ከበሩ ሲነሣ በቦታው የቀረው መዝገቡ ነው ማለት ነው። መዝገቡ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ዘበኛም መዝገብም የለውም።

ኩባንያውን ማንበብ

የአስተዳደሩ የመረጃ ማሳያ «ሴፈር» ይባላል። በኩባንያው ስም ወይም በዶት ቁጥሩ ሲፈለግ አንድ ገጽ ይወጣል። ገጹን ብዙ ሰው ከፍቶ «አክቲቭ» የሚለውን ቃል ሲያይ ረክቶ ይዘጋዋል። ዋናው ንባብ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ማንነቱ ነው። ሕጋዊ ስሙ፣ የሚነግድበት ሌላ ስም ካለ እርሱ፣ አድራሻው። ውሉን የሚያስፈርመው ስምና በመኪናው በር ላይ ያለው ስም አንድ ናቸው ወይ? ቀጥሎ ፈቃዱ ነው። የዶት ቁጥር ማግኘትና ለሌላ ሰው ጭነት በክፍያ የማጓጓዝ ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁጥሩ ሕያው ሆኖ ፈቃዱ የሌለው ወይም የተሰረዘበት ኩባንያ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው የመኪናዎቹና የሾፌሮቹ ብዛት ነው። ይህን የሚያስመዘግበው ኩባንያው ራሱ ሲሆን በየሁለት ዓመቱ የማደስ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ቅጹ የተሞላበትን ቀን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። አምስት መኪና አለኝ የሚል ኩባንያ በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ጊዜ በመንገድ ላይ ተመርምሮ ከተገኘ፣ ወይ መኪናዎቹ ዕረፍት የላቸውም፣ ወይ ያስመዘገበው እውነት አይደለም። ሁለቱም ለሾፌሩ መልካም ዜና አይደሉም።

አራተኛው፣ በእኔ እምነት ዋነኛው፣ ያለፉት 24 ወራት የመንገድ ላይ ምርመራ ውጤት ነው። ተቆጣጣሪው መኪናውን ወይም ሾፌሩን «ከዚህ አትንቀሳቀስም» ብሎ ያገደበት መጠን በመቶኛ ተሰልቶ ከአገሪቱ አማካይ ጎን ይቀመጣል። በመላ አገሪቱ ከተመረመሩት ተሽከርካሪዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በፍሬን፣ በጎማ፣ በመብራት ወይም በመሰል ጉድለት ይታገዳል። ከዚህ እጥፍ የሆነ ቁጥር ያለው ኩባንያ ጋራዡን ምን ያህል እንደሚያውቀው መገመት አያዳግትም። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። ሁለት ጊዜ ብቻ ተመርምሮ አንድ ጊዜ የታገደ ኩባንያ መዝገቡ ላይ 50 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። መቶኛ ያለ ብዛት ያሳስታል።

አምስተኛው የአደጋ ሰንጠረዡ ነው። ሞት፣ የአካል ጉዳት፣ ወይም መኪና በመጎተት የተነሣበት አደጋ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ቆሞ ሳለ የተገጨም፣ ሰካራም የገባበትም እዚያው ይደመራል። ከ2020 ወዲህ ኩባንያዎች ሊከላከሉት የማይችሉት አደጋ ተለይቶ እንዲታይላቸው የሚያመለክቱበት ቋሚ መንገድ አለ፤ ሰንጠረዡን በጨረፍታ የሚያይ አንባቢ ግን ይህን ልብ አይለውም። ስድስተኛው የደኅንነት ደረጃው ነው፤ አጥጋቢ፣ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ፣ አጥጋቢ ያልሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚገረሙበት ነገር አለ። ከኩባንያዎቹ አብዛኞቹ ከነጭራሹ ደረጃ አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸውም ቢሆኑ ደረጃው የዛሬ ብዙ ዓመት የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ እንደ ጸና ይቆያልና።

በመጨረሻ መድኑ አለ። ተራ ጭነት በክፍያ የሚያጓጉዝ ኩባንያ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት መድን ሊኖረው ይገባል። ይህ መጠን ከ1980ዎቹ ወዲህ አልተለወጠም። የሕክምና ዋጋ፣ የቤት ዋጋ፣ የዳቦ ዋጋ ስንት ጊዜ ሲለወጥ የሰው አካል ዋጋ በዚያው ቆሞ ቀርቷል። መዝገቡ መድኑን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰረዘና እንደተቀየረ ያሳያል። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ መድን የተሰረዘበት ኩባንያ ደመወዝ በወቅቱ ይከፍላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

መዝገቡ የሚሰውረው

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት የሥርዓቱን ብርቱ ጎን ነው። ደካማ ጎኑንም ሳንሸፋፍን እንየው።

አስተዳደሩ በ2010 መጨረሻ የኩባንያዎችን አያያዝ በሰባት ክፍል እየመደበ እርስ በርስ የሚያወዳድር አዲስ የመለኪያ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። አደገኛ አነዳድ፣ የሥራ ሰዓት ሕግን ማክበር፣ የመኪና ጥገና፣ አደንዛዥ ዕፅና አልኮል፣ የሾፌር ብቃት፣ የአደገኛ ዕቃ አያያዝ፣ የአደጋ ታሪክ ይመዘናሉ። አንድ ኩባንያ ከእኩዮቹ መካከል የት እንደቆመ በመቶኛ ደረጃ ይገለጻል። የአብዛኞቹ ክፍሎች ውጤት ለሕዝብ ይታይ ነበር። በዲሴምበር 2015 ግን ምክር ቤቱ ባወጣው የየብስ ትራንስፖርት ሕግ የጭነት ኩባንያዎች የንጽጽር ደረጃ ከሕዝብ ዓይን እንዲነሣ ተደረገ። የአውቶቡስ ኩባንያዎች ደረጃ ግን መታየቱን ቀጠለ። የምርመራው ዝርዝር ዛሬም ክፍት ነው፤ የተሰወረው የዝርዝሩ ትርጉም ነው።

ለዚህ የቀረበው ምክንያት እንዲያው ውድቅ የሚደረግ አይደለም። የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ጥቂት መኪና ያላቸውና ጥቂት ጊዜ ብቻ የተመረመሩ በመሆናቸው ስለ እነርሱ የሚወጣው ደረጃ አስተማማኝ እንዳልሆነ አመልክቷል። በአንድ መጥፎ ቀን ምክንያት ትንሹ ኩባንያ ገበያ ያጣል የሚለው የኢንዱስትሪው ስሞታም እውነትነት አለው። ከእነዚህ ትንንሽ ኩባንያዎች መካከል የእኛም ወገኖች መኖራቸውን አልዘነጋም። ነገር ግን ሚዛኑ ጎደለ ተብሎ ሚዛኑ ይታረማል እንጂ ገበያተኛው ዓይኑን አይሸፈንም። በተጨማሪም ጥያቄ አለኝ። ለአውቶቡስ ተሳፋሪው የሚጠቅመው መረጃ፣ ከአርባ ቶን ጎን በትንሽ መኪና ልጆቹን ይዞ ለሚጓዘው ሰው እንዴት አይጠቅምም? አውቶቡሱን ተሳፋሪው መርጦ ይሳፈርበታል ይሉን ይሆናል። እውነት ነው። ከጎኑ የሚመጣውን የጭነት መኪና ግን ማንም መርጦት አያውቅም፤ መረጃው ይበልጥ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ድካም ከዚህ የከፋ ነው። መዝገብ የሚጽፈው ስለ ስም ነው፤ ስም ደግሞ ይቀየራል። መዝገቡ የቆሸሸበት ኩባንያ ይዘጋል፤ በማግሥቱ በሚስት፣ በወንድም ወይም በወዳጅ ስም፣ በዚያው ግቢ፣ በእነዚያው መኪናዎች፣ በአዲስ ቁጥር ይከፈታል። አሜሪካውያን እነዚህን «እስስት» ኩባንያዎች ይሏቸዋል፤ ቆዳቸውን ይቀይራሉና። በኦገስት 2008 በቴክሳስ ሸርማን ከተማ አጠገብ መንፈሳዊ ተጓዦችን የጫነ አውቶቡስ ከድልድይ ወድቆ 17 ሰዎች ሞቱ። አውቶቡሱን ያሰማራው ሰው ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ኩባንያ ከሳምንታት በፊት ከሥራ እንዲታገድ ታዝዞ ነበር፤ ጉዞው የተካሄደው በሌላ ስም ነው። አውቶቡስም ቢሆን የሚቆጣጠረው ያው አስተዳደር ነው። የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2012 ጉዳዩን መርምሮ ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር። የእስስትነት ምልክት ከታየባቸው አዲስ አመልካቾች 18 በመቶው በከባድ አደጋ ውስጥ ሲገቡ፣ ምልክቱ ካልታየባቸው ግን በዚህ ዓይነት አደጋ የገቡት 6 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ንጹሕ መዝገብ ሁልጊዜ የንጹሕ ሰው መዝገብ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የአዲስ ወረቀት ንጽሕና ነው። አድራሻውንና ስልኩን ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ማመሳከር፣ ቁጥሩ የተሰጠበትን ዘመን መጠየቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ድካም የመዝገቡ ሳይሆን የመዝጋቢው ነው። በጁን 2019 በኒው ሃምፕሸር ራንዶልፍ በተባለች ከተማ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከሞተር ብስክሌተኞች ጋር ተጋጭቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። በሾፌሩ ላይ የቀረበውን ክስ የዳኞች ሸንጎ በ2022 ሰምቶ ነጻ አውጥቶታል፤ ስለ እርሱ ጥፋት የምለው የለኝም። የሚያሳስበኝ ከአደጋው በኋላ የተገለጠው ነው። ሾፌሩ ከአንድ ወር በፊት በኮነቲከት ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ በመንዳት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር፤ ማሳወቂያውም መንጃ ፈቃዱን ለሰጠችው ለማሳቹሴትስ ተልኳል። ፈቃዱ ግን አልታገደም። ነገሩ ሲመረመር ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ማሳወቂያዎች ሳይታዩ በሣጥን ተከማችተው ተገኙ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እዚህ ላይ የሕግ ጉድለት አልነበረም፤ የመረጃ ጉድለትም አልነበረም። የጎደለው ፖስታውን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ነበር። በዓለም ሀብታም በሆነችው አገር እንዲህ ከሆነ፣ ችግሩ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

የወንዝ ልጅነትና ውል

አሁን ወደ ወገናችን ልመለስ። በአንድ የጭነት ኩባንያና በአንድ ሾፌር መካከል ያለውን የመረጃ ሚዛን እናስተውል። ኩባንያው ሾፌሩን ከመቅጠሩ በፊት በሾፌሩ ፈቃድ የአምስት ዓመት የአደጋና የሦስት ዓመት የምርመራ ታሪኩን ከፌዴራሉ መዝገብ ያወጣል። ከ2020 ጀምሮም የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውጤቶች የሚጠራቀሙበትን ቋት የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ባጭሩ ኩባንያው ሾፌሩን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያነበዋል። ሾፌሩስ? «ባለቤቱ የአገራችን ሰው ነው»፣ «የእገሌ የአክስት ልጅ ነው»፣ «በቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን» ብሎ ይፈርማል።

መተማመን ክቡር ነገር ነው። በስደት አገር ያለ ባንክ ብድር፣ ያለ ዋስ፣ በዕቁብና በቃል ብቻ ስንቱን ሥራ ያቆምነው በእርሱ ነው። ነገር ግን የወንዝ ልጅነት ፍሬን አይጠግንም። ጎማው ያለቀ መኪና ይዞ የተያዘ ሾፌር፣ መኪናው የእርሱ ባይሆንም፣ ያ ምርመራ በራሱ ታሪክ ላይ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል። ቀጣዩ ቀጣሪ ሲያነበው «ባለቤቱ ዘመዴ ነበር» የሚል ማስታወሻ እዚያ ላይ የለም። ሕጉ ከሚፈቅደው የ11 ሰዓት መንዳት በላይ እንዲነዳ ወይም ሰዓቱን እንዲያስተካክል በስልክ የሚጨቀጨቅ ሾፌርም እንዲሁ ነው። ሾፌርን ሕግ እንዲጥስ ማስገደድ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን የሚደነግግ ደንብ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር፤ ሾፌሩ አቤት የሚልበትን መንገድም አበጅቷል። ስንቶቻችን ሰምተናል?

የራሱን መኪና በሌላ ኩባንያ ስም ለሚያሠራ ሰውም የፌዴራሉ የኪራይ ውል ደንብ ብዙ ይነግረዋል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የጉዞውን ወረቀት ካስረከበ በኋላ በ15 ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ክፍያው በመቶኛ ከሆነ ደንበኛው የከፈለበትን ሰነድ ቅጂ የማየት መብት አለው። የሚቆረጥበት ነገር ሁሉ በውሉ መዘርዘር አለበት፤ መያዣ ገንዘቡም ውሉ ባለቀ በ45 ቀናት ውስጥ ሊመለስለት ይገባል። «ሠርተህ ትከፍላለህ፣ መኪናው ያንተ ይሆናል» እየተባለ ከራሱ ከኩባንያው ጋር የሚገባውን የሊዝ ግዢ በተመለከተ ደግሞ በምክር ቤቱ ትእዛዝ የተቋቋመ ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ይህ ዓይነቱ ውል እንዲታገድ እስከ መምከር ደርሷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሠላሳ ገጽ ውል በአማርኛ በተነገረ ሁለት ዓረፍተ ነገር አምኖ መፈረም መተማመን ሳይሆን ራስን ማስያዝ ነው።

ይህን ስል የኩባንያ ባለቤት የሆኑ ወገኖቼን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ ለመውቀጥ አይደለም። መኪናቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ፣ የሾፌራቸውን ዕረፍት የሚያከብሩ አሉ። ለእነርሱም ቢሆን መዝገቡ ወዳጃቸው ነው። መኪናውን ሳይጠግን፣ መድኑን ሳይከፍል በዝቅተኛ ዋጋ ጭነት የሚነጥቃቸው እስስት መሆኑን የሚመሰክርላቸው ሌላ ምን አለ? ስሕተት የተጻፈበት ኩባንያም አስተዳደሩ በዘረጋው የእርማት መንገድ መከራከር ይችላል። የሚነበብ መዝገብ ደኅናውን ሰው ከክፉው ለይቶ ያሳያል፤ የማይነበብ ግን ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል።

የአገር ቤቱ መዝገብ

እዚህ ላይ ሐሳቤ ሳልጠራው ወደ አገር ቤት ይሄዳል። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከዚያ እስከ መሀል አገር ያለውን መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን በላባቸው፣ ብዙ ጊዜም በደማቸው ያውቁታል። ሕዝባችን የመኪና አደጋን መዝገብ የያዘው በራሱ መንገድ ነው፤ በቅጽል ስም። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየማቸው። ስሙ ያስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቅጽል ስም መረጃ የተነፈገ ሕዝብ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሚከሰው ብረቱን መሆኑ ነው። ፍሬኑን ያላስጠገነው፣ ሾፌሩን ሌሊት ከቀን ያስነዳው፣ ከልኩ በላይ ያስጫነው ባለንብረት በቅጽል ስሙ ውስጥ የለም። ፋብሪካው ተሰደበ፤ ሾፌሩ ታሰረ፤ ባለቤቱ ሌላ መኪና ገዛ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ይጠብቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብቱን በዝርዝር ደንግጓል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች ተነሥቶ የእያንዳንዱን የጭነት ማኅበርና ባለንብረት የምርመራ፣ የአደጋና የመድን ታሪክ በሰሌዳ ቁጥር ብቻ ማንም ሰው እንዲያየው ማድረግ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ሰሌዳው አስቀድሞ አለ፤ ፖሊስ አደጋውን አስቀድሞ ይጽፋል፤ መድን ድርጅቱም ሰነዱን አስቀድሞ ይይዛል። የሚያስፈልገው እነዚህን ማገናኘትና መጋረጃውን መግለጥ ነው።

ነገር ግን ከአሜሪካው ልምድ ስንማር ሙሉውን እንማር። ድረ ገጽ ከፍቶ ሪባን መቁረጥ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ስሙን ቀይሮ የሚመጣውን የሚለይ ዓይን፣ ፖስታውን ከፍቶ የሚያነብ ሠራተኛ፣ አንብቦም የሚያግድ ሥልጣን ከሌለ መዝገቡ የአደጋዎች የመታሰቢያ መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

ከአሜሪካ ምክር ቤት የምጠብቀው ግልጽ ነው። የንጽጽሩ ስሌት ይታረም፤ ከታረመ በኋላም ለሕዝብ ይመለስ። የመድኑ መጠን ከዘመኑ ጋር ይራመድ። ቁጥር የሚሰጠው ለወረቀት ሳይሆን ለሰው መሆኑ ይረጋገጥ፤ አንዱ ቁጥር የተዘጋበት ሰው ሌላውን በቀላሉ አያግኝ። ወገኖቻችን በሚበዙባቸው ከተሞች ያሉ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ደግሞ የበዓል ዝግጅት በሚያሰናዱበት አዳራሽ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ውል ማንበብና መዝገብ ማየት ቢያስተምሩ ከብዙ የቀብር መዋጮ ያድኑናል። ይህን የምለው ምጸት ለመናገር ብዬ አይደለም። በመንገድ ላይ ለሞተ ወገን አስከሬን መሸኛ የማይዋጣበት ወቅት ጥቂት ነውና።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ግን ከዚህም ያነሰ ነው፤ አሥር ደቂቃ። ከመፈረም በፊት፣ ጭነት ከመስጠት በፊት፣ የቤት ዕቃችንን ለሚያጓጉዝልን ሰው ቀብድ ከመክፈል በፊት አሥር ደቂቃ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር። ቁጥሩ በበሩ ላይ ተጽፏል፤ ከ50 ጫማ ይነበባል። ከዚያ በቀረበ ርቀት ቆመን ሳናነበው ብንቀር «ማን ነገረን?» የሚል ሰበብ አይኖረንም።